ጥርሱ ብቻ የቀረው ግድግዳ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በደህና ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? የባሕሩ ንፋስ የሚቀሰቅስብህ ሳል ተወህ ወይ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ? እኛ አለን። እማዬም አለች፤ ዓይኗ ግን አሁንም ጭጋግ እንደለበሰ ነው። ብርቱካኑ አበባውን አራግፏል፤ በቆሎው ዝናብ እየጠበቀ ማሳው ላይ ቆሟል። የሆቴሉ አትክልት ኃላፊ ሆነህ መሾምህን እማዬ ነግራኛለች። እንኳን ደስ ያለህ። ያልነገረችው ጎረቤት የለም።

ስልክ ያልደወልኩልህ አኩርፌ እንዳይመስልህ። እዚህ ስልክ የሚሰማው በሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ በሩ አጠገብ ደግሞ እማዬ ተቀምጣ ትውላለች። አሁን አሁን ጆሮዋ ዓይኗንም ተክቷል። ስለዚህ ወደ እናንተ ብርቱካን በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

የምጽፍልህ ስለ ቻክ ፊት ነው። አያታችን ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ በበቅሎ ጭኖ አምጥቶ ከበራችን ጎን፣ ከቤቱ በውስጥ በኩል፣ ግድግዳው ውስጥ የሰካውን የዝናቡን ጌታ የድንጋይ ፊት ከኔ እኩል ታውቀዋለህ፤ ሁለቱን ዓይኖች፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈውን አፍንጫ፣ ከሥሩ የተደረደሩትን ጥርሶች። አባባ ከማሳ ሲመለስ ባርኔጣውን የሚሰቅለው አፍንጫው ላይ ነበር። የሙዚየም ሰዎች እንውሰደው ብለው ሲለምኑ እማዬ «እዚህ የቆመው እኛን ሊያይ እንጂ እናንተ ልታዩት አይደለም» ብላ የሸኘቻቸው ጊዜ፣ አንተ ከኋላዋ ቆመህ ትስቅ ነበር።

ቲኩል ከተማ የሄድንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። እማዬን ሐኪም ዓይኗን ይይላት ብለህ ፒክአፑን ይዘህ ከባሕሩ ድረስ መጣህ። እኔንም፣ ልጆቼንም፣ ጎረቤታችንን እትዬ ኤሌውቴሪያን ሳይቀር ጫንከን። ቤት የቀረ ሰው አልነበረም። ባሌ ዊልበርት ጎህ ሳይቀድ ፍርስራሹ ወደሚጠገንበት ሥራው ሄዷል። ሐኪሙ በር ላይ አውርደኸን ጎማ ላሠራ ብለህ ሄድክ። የእማዬ ተራ ደርሶ፣ ጠብታ ተሰጥቷት፣ ልጆቹ በረሃብ መነጫነጭ ጀምረው፣ አንተ ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ነጭ ሆኗል። እትዬ ኤሌውቴሪያ «አንተ ልጅ፣ ሊጥ ስታቦካ ዋልክ እንዴ?» ብላ ሳቀችብህ። «መንገድ ላይ ተንበርክኬ ጎማ ስፈታ ነው የዋልኩት» አልካት። የመንገዳችን አፈር ነጭ ነው፤ እኔም አመንኩ።

ቤት ስንደርስ ግድግዳው ተቦርቡሮ አገኘነው። ዓይኖቹ የሉም፤ አፍንጫው የለም። የወሰደው ሰው ቸኩሎ ይሁን አዝኖልን፣ ጥርሶቹን ትቷቸዋል። እስከ ዛሬ በር በከፈትኩ ቁጥር ግድግዳው የሚስቅብኝ ይመስለኛል። የዚያን ለት ከሁላችን በላይ የጮህከው አንተ ነበርክ። «ይህን ያደረገ እጁ ይድረቅ!» ያልከው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እማዬ አልጮኸችም። ጣቶቿን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ ዳበሰችና «ይሄ ድንጋይ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው» አለች። ያኔ ዊልበርት ከሥራ እየተመለሰ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሁላችንም ወደሱ ዞርን።

በማግስቱ የመንደራችን ሹም ጋውዴንሲዮ መጥቶ ጠየቀው። የሥራ ጓደኞቹ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ እንደወጣ ተናግረው ኖሯል። «የት ሄደህ ነበር?» አለው። «ቤት» አለ ዊልበርት። «ለምን?» «አሞኝ ነበር።» «ገብተህ ተኛህ?» «አልገባሁም። ተመለስኩ።» ለምን ተመለስክ ቢለው፣ ቢያስፈራራው፣ ቢለምነው አልተነፈሰም። አንተም በስልክ «ሌባውን ከውጭ አትፈልጉ» ብለህ መከርከን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ከዊልበርት እጅ ውሃ መቀበል ተወች። ባቄላውን እሱ ካቀረበላት «ጠግቤያለሁ» ብላ ሳህኑን ትገፋለች። ሲወጣ ሲገባ «አፍንጫውስ ይሁን፣ ዓይኑን ምን አደረግኸው የኔ ጌታ?» ትለዋለች። እትዬ ኤሌውቴሪያ ደግሞ በድንጋዩ ካብ ላይ አንገቷን አስግጋ «ግቡ ግቡ፣ እዚህ ሰፈር ድንጋይ እንኳ አልተረፈ!» እያለች ዶሮዎቿን ትሰበስባለች። ወንዶቹ ማሳ ወጥተው ለዝናብ ሲለምኑ «አንተ ቅር» አሉት። ልጆቹ እንደ ልማዱ ዝናቡን ለመጥራት ማሳው ላይ ከተሠራው መሠዊያ ሥር እንደ እንቁራሪት ሲጮሁ፣ እሱ ጓሮ ተቀምጦ ከሩቅ ሰማቸው። የገዛ ልጁ ድምፅ ከመካከላቸው ነበር። ዝናቡም አልመጣ፤ በዘገየ ቁጥር ሰላም የሚለን ሰው አነሰ።

እኔም ጠረጠርኩት። ሲተኛ ልብሱን አሸተትኩ፤ ኖራ ኖራ ይላል። ግንበኛ ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል? መጠርጠር ከጀመርክ ግን እንዲህ ብለህ አታስብም። አንድ ጠዋት ከኋላ ከኋላው እስከ ፍርስራሹ ተከተልኩት።

ረጅሙን ቤተ መንግሥት ታውቀዋለህ፤ ከዳር እስከ ዳር ቻክ በቻክ ላይ የተደረደረበትን። ዊልበርት መወጣጫው ላይ ቆሞ የወደቀ አፍንጫ ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ቅንድቡንም፣ ጉንጩንም፣ ጥርሱንም ለየብቻ ጠርበው ነው የገጣጠሙት፤ አንዱ ፊት ከሌላው አይለይም። ልጅ ሆኜ ሳየው ደስ ይለኝ የነበረው ይኸው መመሳሰሉ ነው። የዚያን ቀን ግን አስፈራኝ። ድንጋይ መደበቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ የት ያገኛል? ከግድግዳው የሚያዩኝን ዓይኖች አንድ በአንድ እያየሁ የኛን መፈለግ ጀመርኩ።

ዊልበርት አየኝ። አልተቆጣም። ወርዶ ቦርሳውን እግሬ ሥር አስቀመጠና «ልክፈትልሽ ወይስ ራስሽ ትከፍቺዋለሽ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ዘረገፈው። የቋጠርኩለት የበቆሎ ቂጣ፣ የውሃ ቅል፣ መሮና መዶሻ። «ያንቺን ድንጋይ ምሳ አድርጌ አልበላሁትም» አለ። ቀልድ ነበር፤ ሁለታችንም ግን አልሳቅንም። በዚያው ሳምንት ልብሱን ጠቅልሎ ከኮረብታው ማዶ እናቱ ቤት ገባ።

ባለፈው እሁድ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ቀፎ ሲያጸዳ አገኘሁት። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ሲገቡ ጠብቄ «እባክህ ንገረኝ፣ ያን ቀን ቤት ድረስ መጥተህ ለምን ሳትገባ ተመለስክ?» አልኩት።

«በሩ ክፍት ነበር» አለ።

«በሩ ክፍት ከሆነማ፣ ሌባ ገብቷል ብለህ አትጮህም?»

«የቤቱ ልጅ ነው ውስጥ የነበረው። በገዛ ቤቱ ምን አገባኝ ብዬ ተመለስኩ። ምን እንደሚሠራ ያወቅኩት ማታ ግድግዳውን ሳይ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ እየሰማህ?» አልኩት።

«እናትሽ እኔን ብትጠላኝ ምንም አይደለም። ይህን ብትሰማ ግን ልቧ ይቆማል» አለኝ። ከዚያ ወደ ቀፎው ዞረ። የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ቤት ስመለስ እማዬ በቆሎ ትፈለፍላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ። እንደ ተራ ወሬ አድርጌ «እማዬ፣ ድንጋዩ ታየ አሉ» አልኳት። ማንም አላለኝም፤ ፈጥሬ ነው። እጇ ቆመ።

«ማን አየው?» አለች። «ሆቴል ውስጥ ከእንግዳ በቀር ማን ይገባል?»

ስለ ሆቴል አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር፣ ወንድሜ።

እሷም ያለችው ገብቷታል። ፍሬው ከጭኗ ላይ ተንከባለለ፤ አላነሳችውም። ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ «ውሃ አጠገብ ነው ያለው። አይጠማውም» አለች። እኔ የማስበው ግን ስለ ድንጋዩ አልነበረም። እነዚያን የተገፉ የባቄላ ሳህኖች ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ነው የገፋቻቸው።

ማንንም አልከስም። እማዬንም ምንም አላልኳትም፤ ፀጉሯን አበጥሬላት ተኛሁ። ቅዳሜ ግን ልጆቼን ይዤ ወደ ዊልበርት እሄዳለሁ። የእማዬ ጠብታ ጠዋትና ማታ ነው፤ ራሷ ማድረግ አትችልም። ቂጣው ትኩስ ካልሆነ አትበላም። በገመድ የሚንጠለጠለውን መኝታዋን ከፍ አድርገህ አትስቀልባት፤ ስትወርድ ያዞራታል። ቅዳሜን እትዬ ኤሌውቴሪያ አብራት ታድራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ነው።

ከመሄዴ በፊት ጋውዴንሲዮ ዘንድ ጎራ ብዬ ባሌ ሌባ እንዳልሆነ እነግረዋለሁ። ታዲያ ማነው ብሎ ከጠየቀኝ «ወንድሜ እሁድ ይመጣል፣ እሱን ጠይቀው» እለዋለሁ።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ፊትህን ከሰው ፊት አያሸሽብህ። ለሁላችንም ዝናቡን ያውርድልን። ስትመጣ ባዶህን አትምጣ።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ፣
ታላቅ እህትህ