የመመረቂያ ጽሑፌን ለናሙና ሰቅለው እኔን ላልተቀበሉኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ዋሲሁን ባህሩ
በሐይቅ ዳር የድኅረ ምረቃ ኮሌጅ የጽሑፍ ቅርጽ ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ሀዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ደህንነት እየጠየቅሁ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር እንዲሰጥዎ፣ በተለይም ዐይንዎን እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ፤ የዐይኑን ነገር ለብቻ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል።

እኔ ኡሙልኸይር ሰኢድ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የሆኑት የአቶ ሰኢድ ልጅ፣ በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት፣ በኮሌጅዎም የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። በከተማችን የባጃጅ ፍሰት ላይ የሠራሁትን የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ ካጸደቁት በኋላ፣ ክፍልዎ «የቅርጽ ሥልጠና ምስክር ወረቀት የላትም» ብሎ መልሶብኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ከጓደኞቼ ጋር መመረቄ፣ ወይም የትምህርት ፈቃዴ አልቆ ባዶ እጄን ወደ ጠመኔዬ መመለሴ በእርስዎ ማኅተም ላይ ተንጠልጥሏል። ማመልከቻ ባስገባ ባስገባ መልስ ስላጣሁ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ሥልጠናው ግዴታ መሆኑን፣ ሁላችንም ጽሑፋችንን ጨርሰን ለማስጠረዝ በተሰለፍንበት ሳምንት ስላወጁልን አመሰግናለሁ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ በርበሬ ቀንጣሽዋ እኔው ራሴ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው ራሱ። ትምህርቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል፤ በመዳፊት እየጠቆሙ መባዘን ቀርቶ ከቃሉ ጎን አጭር ትእዛዝ ይጻፋል፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ቦልድ ይሁን ማለትም ይድመቅ፣ ማውጫው እዚህ ይውጣ ይባላል፤ ኮምፒውተሩም እሺ ብሎ ገጹን ያሳምራል። እኔ ጽሑፌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዘጋጀሁት በእነዚሁ ትእዛዞች ነበር። የሥልጠናው ጉድለት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር አልነበረውም። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይነካቸው ዳንቴል ለብሰው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሲያርፉ፣ እኛ ባህል አዳራሽ አካባቢ በሚገኝ የስብሰባ አዳራሽ በጥቁር ሰሌዳ ተማርን። አሠልጣኛችን አቶ ጉልላት በጠመኔ ይጽፋሉ፤ እኛ ጎልማሶቹ ደግሞ ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ፣ ጥምዝ ቅንፍ ክፈት፣ ጥምዝ ቅንፍ ዝጋ እያልን እንደ ሀሁ ተማሪ በኅብረት እንጮኻለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። በአቶ ጉልላት ግን አልፈርድም፤ የቁልፉ ባለቤት እሳቸው አይደሉም። እንዲያውም በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር መስመር ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወረቀት ላይ አይወጣም ብለው ሲያስረዱን፣ ማመልከቻዎቼ የት እንደገቡ ገባኝ።

ሦስተኛ፣ ፈተናው። እሱም በወረቀትና በእስክሪብቶ ነበር። ሐይቅ የሚለውን ቃል በትእዛዝ ቦልድ አድርጉ ተባልን፤ እኔም እንደተማርሁት ትእዛዙን ጽፌ ቃሉን በቅንፉ ውስጥ አስገባሁት። አራሚዎ በቀይ ቀለም «አልደመቀም» ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ምነው ሸዋ! በእስክሪብቶ የተጻፈ ትእዛዝ ወረቀት ሲያደምቅ በየትኛው አገር ታይቶ ነው? ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው ካሌብ ግን ትእዛዙ ጠፍቶበት፣ ቃሉን ወረቀቱ እስኪቀደድ ደጋግሞ በማድመቁ ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። ማውጫ አውጡ ለሚለውም ጥያቄ፣ ማውጫውን በራሷ የምታወጣዋን አንዲት ትእዛዝ ብጽፍ «ማውጫው የት አለ? ስንፍና ነው» ተባልሁ። ይግባኝ ብዬ ወደ እርስዎ ብመጣ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ግራና ቀኝ አዟዙረው ካዩ በኋላ፣ እውነትም አልደመቀም ብለው ዜሮውን አጸደቁት፤ ምስክር ወረቀቱም በዚያው ቀረ። ለዐይንዎ ዱዓ ማድረግ የጀመርሁት ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው።

ይህን ሁሉ ቻልሁት። አራተኛውን ግን አልቻልሁም፤ አልዋሽዎትም፣ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ናርዶስ የምትባል አዲስ ተማሪ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የሚያምር ጽሑፍ እንደተሰቀለ ነግራኝ ሄጄ ባይ፣ «የትክክለኛ ቅርጽ ናሙና፤ ሁሉም ተማሪ ይህን ይከተል» ከሚል ርዕስ ሥር የተለጠፉት ገጾች የእኔ ናቸው! ባጃጆቼ፣ ሠንጠረዦቼ፣ ያቺ ስንፍና የተባለች ማውጫዬ ሳትቀር ተሰድረዋል። ስሜ ብቻ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖበታል። አባቴ ደንበኞቻቸውን ሁሉ ለምርቃቴ ጠርተው አዲስ ኮት አሰፍተዋል፤ ልጃቸው ቅርጽ አታውቅም ተብላ ልትቀር መሆኑን፣ ጽሑፏ ግን ቅርጽ ሊያስተምር መሰቀሉን በምን አፌ ልንገራቸው?

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ወይ ጽሑፌ ጥሩ ከሆነ ተቀብለው ያስመርቁኝ፣ ወይ መጥፎ ከሆነ ከሰሌዳው ያውርዱልኝ። ሁለቱንም ማድረግ የሚከብድዎ ከሆነ፣ ቢያንስ ስሜን የሸፈነችውን ወረቀት ያንሡልኝና ሰው ይፍረድ።

በደጅዎ መመላለስ ጫማዋ ያለቀ፣ ተስፋዋ ግን ገና ያላለቀ፣ ለሰሌዳዎ የበቃች ለማኅተምዎ ያልበቃች፣ ታዛዥ ተማሪዎ፣
ኡሙልኸይር ሰኢድ

ማሳሰቢያ፦ ይህንንም ደብዳቤ ያዘጋጀሁት በእነዚያው ትእዛዞች ነው። በወረቀት ላይ ያነበቡት ጨዋ ጨዋውን ብቻ ሲሆን፣ በልቤ ያለውን እንዳለ በፐርሰንት ምልክት በሚጀምሩት መስመሮች ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ፋይሉንም በፍላሽ አድርጌ ለጸሐፊዎ ለወይዘሮ ወርቄ ሰጥቻለሁ። ከፍተው ማንበብ ካቃትዎ ምንም አልተሰዳደብንም። ማንበብ ከቻሉ ግን እንኳን ደስ አለዎ፤ ከሁለታችን አንዳችን ሥልጠናውን አልፈናል ማለት ነው።