የመጀመሪያው ጣሳ

መካነ ሰላም፣ ቦረና
ጥር 21 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት

ውድ ባለቤቴ አምባቸው፣

«እኛ ሁላችንም ደኅና ነን ብለሽ ጀምሪ» ብለውኛል አባትህ። እስከ ዛሬ መሪጌታው እንደዚያ እያሉ ነው ሲጽፉልህ የኖሩት። ይህን ግን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። የመሠረተ ትምህርት ፊደል ለእንዲህ ያለ ነገር ይሆነኛል ብዬ አልነበረም የቆጠርኩት። ተንጋዶ ብታየው ታገሠኝ። ደኅና አይደለንም አምባቸው።

መርዶ በወረቀት እንደማይላክ አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዘህ ነበር መስማት የነበረብህ። ግን እዚያ የጨው በረሃ ላይ ማን ዘመድ አለህ? ጨው ሊያመጣ የሚወርደውን፣ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰውን ጀብሪልን «አንተ ንገርልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ወላሂ ይርገዱ፣ ሌላ ነገር እዘዥኝ፣ ይህን አፌ አይችለውም» አለኝ። እንግዲያው ቆመህ አታንብበው። አጠገብህ ሰው ካለ ጥራው።

መስከረም ላይ የላክኸውን ደብዳቤ ያነበበችልን ልጃችን ናት። ሦስተኛ ክፍል የገባች ልጅ እንደዚያ ስታነበንበው ብታያት! እሳት ሳይነድበት የሚፈላውን ውሃ፣ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነውን መሬት፣ ሰው ቢጋደምበት የማይሰምጥበትን ሐይቅ፣ ነፋስ አቧራውን አቁሞ እንደ ሰው የሚያስኬደውን ሜዳ ሰምቶ የሚጠግብ ጠፋ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ሁሉ ደጃችን መጥቶ «ብዙዬ፣ እስቲ የሚፈላውን ድገሚልን» ይላት ነበር። ጎረቤታችን ይታይሽ እንኳን፣ ሁለት ልጅ በቀበረች በወሯ፣ «ተመስገን፣ ከኛ የባሰ አገርም አለ ማለት ነው!» ብላ ሳቀች።

አፋሮች የደረቀ ወንዝ አሸዋ በእጃቸው ቆፍረው ውሃ ያወጣሉ ያልከውን ግን ማንም አላመነህም። አባትህ «ልጄን ፀሐይ መትቶታል» አሉ። ኅዳር ላይ ምንጩ ጨርሶ ሲነጥፍ ብዙዬ አላስቀምጥ አለችን። «አባዬ አይዋሽም፣ ለምን አንሞክርም?» እያለች ስትነዘንዝ አያቷ «የሞተ ወንዝ አይቆፈርም፣ መቃብር ነው» ቢሉም በመጨረሻ ዶማቸውን ይዘው ተከተሏት። ከብቱ ሁሉ ውሃ ፍለጋ ሄዶ ያለቀበት፣ የኛም ሁለቱ በሬዎች የወደቁበት ወንዝ ነው። እስከ ብብት ድረስ ተቆፈረ። መጀመሪያ አሸዋው ጠቆረ፣ ከዚያ ረጠበ፣ ከዚያ ውሃ አቀረረ። የሰዉን እልልታ አልነግርህም፣ አባትህ አለቀሱ።

ጣሳ ሞላ። ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ ይጠብቃል። አባትህ ጣሳውን ተቀብለው «የመጀመሪያው የብዙዬ ነው፣ ውሃውን ያገኘችው እሷ ናት» አሉ። ሰዉም «ይገባታል!» አለ። እኔም፣ እናቷ፣ ደስ ብሎኝ አየሁ። ውሃው ቀላ ብሎ ይሸት ነበር። ፊቷን አጨማድዳ ጨለጠችውና «አባዬ እውነቱን ነው!» አለች።

ሌላው ሰው ተራ እስኪይዝ ውሃው እየተጨለፈ ጠራ። ሌላ ማንንም አልነካም። እሷን በማግስቱ አስመለሳት፣ አስቀመጣት። ውሃው ከሆዷ አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ላደርሳት አዝያት ወጣሁ፣ ግን መንገድ ላይ ጀርባዬ ላይ ቀለለችኝ። ኅዳር 18 ነው። ከዚህ በላይ ቃሉን አልጽፈውም፣ ገብቶሃል።

ሁለተኛው ደብዳቤህ የደረሰኝ በገና ነው። ጀብሪልን አትቀየመው፣ የሚሳፈርበት መኪና ለእርዳታ እህል ተይዞበት ነው። ብቻዬን፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። «ብዙዬ ሆይ፣ አንድ የረሳሁት ነገር አለ። አፋሮች የመጀመሪያውን ውሃ ለአሸዋው ይመልሱታል፣ ለግመል እንኳ አይሰጡትም፣ ሦስት ጊዜ ደፍተው ነው የሚጠጡት» ይላል። ጥቅምት 9 ቀን የጻፍከው ነው።

ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። አዎ፣ አንድ ቀን ሙሉ ረግሜሃለሁ፣ አልዋሽህም። «ይህችን አንድ መስመር ምን አስረሳው?» ብዬ ደረቴን ደቃሁ። ደግሞ ለተአምር ብለህ የጻፍከውን እኛ ለነፍሳችን እንደምንቆፍርበት በምን ታውቃለህ? ይኸው ንዴቱ ወረደልኝ፣ አላጠፋህም። አሁን ግን አንድ ነገር ማልልኝ። አባትህ ያን ደብዳቤ አላዩም። ጣሳውን በእጃቸው የሰጧት እሳቸው ናቸው፣ ይህን ከሰሙ አንድ ቀን አያድሩም። አገሩ ሁሉ ዛሬ በዚያ ጉድጓድ ነው የሚኖረው፣ ስምህን እየጠራ ይመርቅሃል። ስትመጣ ሰዉ ሁሉ ጉልበትህን ሊስም ይመጣል። ዝም ብለህ ተሳም። እኔም ዝም እላለሁ።

ብቻ ና። አፍሬ ቀረሁ እንዳትለኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ለሰፈራ ተመዝገቡ» እያለ ደጃችንን ሊያፈርሰው ነው፣ እሷን ትቼ አልሄድም ብዬዋለሁ። ሁለታችሁንም ማጣት አልችልም አምባቸው፣ አልችልም።

አባትህ ሰላም ይሉሃል። ይታይሽ ሰላም ትልሃለች። ብዙዬም ብሎ እጄ ሊቀጥል ነበር፣ ልማድ ሆኖበት።

ለእሷ «አመጣልሻለሁ» ያልካትን የጨው አበባ፣ ያን ከሐይቁ ዳር የሚያብበውን፣ እንዳትጥለው፣ ይዘኸው ና። «ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ቤት ውስጥ አኑሪው» ብለሃት ነበር። ቤት አላኖረውም፣ ከራስጌዋ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዝናብ መጥቶ ካሟሟውም ያሟሟው።

የዛሬዋ እመቤት በሄድክበት ትከተልህ፣ በሰላም ለደጅህ ታብቃህ። ውሃ ስትጠጣ ተጠንቀቅ።

የብዙዬ እናት፣
ይርገዱ