በመስታወቱ ምድጃ ላይ የተጋረደ ጋቢ

ሐዋሳ ላለሽው ልጄ ለብርቱካን ይሻው ይድረስ። የጉና ብርድ ያላሸነፈው አባትሽ፣ እንደምን ከረምሽ ይልሻል። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «እናቴን አገናኘኝ» ስለምትዪ ነው ጎረቤታችንን ዲያቆን ዮሴፍን የማስጽፈው።

የላክሽልን የመስታወት ምድጃ ይሠራል። አምፖሉ ቦግ ሲል ምግቡ እያየነው ይበስላል። እናትሽ በመጀመሪያው ቀን፣ «ኧረ የሰው ዓይን ይበላዋል! እህል ሳይበስል ገበያ ይወጣል እንዴ?» ብላ ነጠላዋን ጣለችበት፤ ጫፉ ተቃጠለ። ሳቅሁባት። «ይሳቁ ግድ የለም፤ ቁርጠት ሲይዝዎ ያዩታል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ራቅ አድርጌ በጋቢ እጋርድላታለሁ።

አሁን የማበስለው እኔ ነኝ። ይሻው ጓዳ ገባ የሚል ካለ፣ ምድጃው ያለው ሳሎን ነው በይልኝ። አልጋዋንም ወደዚያው አምጥቻለሁ፤ ሙቀቱ ደስ ይላታል። ድንቹን አብስዬ በወተት አሽቼ በማንኪያ አቀርብላታለሁ። ሁለት ማንኪያ ከቀመሰች ጎበዝ ናት። የነፍስ አባቷም በየቀኑ ይመጣሉ፤ ጨዋታ ስለሚወዱ ነው።

ትናንት ሆን ብዬ ጋቢውን አነሣሁት። ድንቹ ራቁቱን በሰለ፤ ጎረቤት ሁሉ እየገባ አየው። እናትሽ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ተኝታ ነበር፤ ዓይኗም ክፍት ነው፤ ድንቹን ታየዋለች። አንዲት ቃል አልተቆጣችኝም።

ጋቢውን ራሴው መልሼ ጋረድሁት።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለሻል። ቀደም ብትዪም ቤቱ ቤትሽ ነው፤ መንገዱም ደህና ነው ይላሉ። የጣራ ገዳም ጸሎት ከፊት ከኋላ ይከተልሽ። ከሥር ያለው የአውራ ጣቴ ምልክት ነው።

አባትሽ ይሻው
ደብረ ታቦር