የአባዬ ዕቃና የእማዬ ፊት

ጥቅምት 3

ከሥራ ስገባ ሌላ ካርቶን። አባዬ ከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቀኛል። ምንድነው? እጀታ። የምትቀባዋን ትንሿን የፕላስቲክ ሰው አናቱ ላይ ይለጥፏታል፣ እጀታውን ይዘው ይቀቧታል። የአውራ ጣት ግማሽ ለማታህል ሰው የበር እጀታ የሚያህል እንጨት!

«በጣትህ ብትይዛትስ?»

«ቀለሙ ይነካካል።»

«የጠርሙስ ቡሽ ላይ ብትለጥፋትስ? ቤቱን ሞልቶታል እኮ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሰሞኑን ሳናግረው እንዲህ ነው። ዓይን ዓይኔን አያየኝም፣ አጠገቤ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። ኩርፊያ መሆኑ ነው...

ራት ሠራሁ። ሳህን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ቆሜ በላሁ።

ጥቅምት 5

የዚህ ሁሉ ጦስ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ እማዬም ባረፈች በዓመቷ፣ «ቤት ተቀምጦ እንዳይተክዝ» ብሎ አንድ ሳጥን ላከለት። ተገጣጥሞ የሚቀባ ትንሽ አውቶብስ። ከነሾፌሩ፣ ከነአሥራ አራት ተሳፋሪው። ላኪው ሌላ ከተማ ነው፤ ጠረጴዛዬን የተቀማሁት እኔ።

አባዬ ሳጥኑን የከፈተ ዕለት አንዷን ሴት መርጦ «ይቺ እናትሽ ናት» አለ። ሦስተኛው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል። እማዬ ማተሚያ ቤት ወረቀት ስታጥፍ ጠዋት ጠዋት በእሱ አውቶብስ ነበር የምትሄደው። የተዋወቁትም በዚያው ነው። እንግዲህ እጄ ይፍታታ ብሎ እሷን ለመጨረሻ አቆያት። አሥራ ሦስቱ ዓይንም አፍንጫም አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቅንድብ ሁሉ አላቸው! የኋለኞቹ ትንሽ ተንጋደዋል፣ ተሰላችቶ ይሆናል። እናቴ ግን እስካሁን ፊት የላትም። ሰማያዊ ሹራብ፣ ቡናማ ቦርሳ፣ ከዚያ በላይ ባዶ።

«መቼ ነው የምትጨርሳት?»

«ዕቃው ሲሟላ።»

አይ ዕቃው!

ጥቅምት 11

ዝም ብዬ ከማማቸው ብዬ ዕቃዎቹን ለብቻዬ ሞከርኳቸው። እሱ ተኝቶ ነበር። እጀታው... ቡሽ ይበቃል፣ አልኩ እኮ። ቀለም እንዳይደርቅ የሚያደርገው ሳጥንም ተአምር የለውም። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ የመጋገሪያ ወረቀት አለበስኩት፤ እኩል ሠራ። በብሩሹ ግን አልከራከርም። ርካሾቹ በሦስተኛው ቀን እንደ መጥረጊያ ይበተናሉ። ያቺ ውዷ ጫፏ እንደ መርፌ ነው፣ ጥፍሬ ላይ ስሜን ጻፍኩባት። ደስ አለኝ መሰለኝ... እና አንዷ በበቃች ነበር። እሱ ስድስት ገዝቷል።

ጥቅምት 12

ብሩሹን ሻይ ውስጥ አጠበ፣ የብሩሹን ውሃ ጠጣ። ምላሱ ሰማያዊ ነው።

ጥቅምት 17

ሁለተኛ መብራት ገባ። አንደኛው አንገቱን ከግራ፣ ሁለተኛው ከቀኝ አዘንብሏል። ሳሎኑ የቀዶ ጥገና ክፍል ሆኗል። አባዬ መሀል ተቀምጦ «ጨለመብኝ» ይላል። ጨለመብኝ! እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ዓይኔን በትራስ ሸፍኛለሁ።

ጥቅምት 20

ዕቃውን የሚሸጥለት ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ሻጩን በልቤ «ይጠቅማል» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ፣ ሌላ ቃል አያውቅም።

«አባቴ የቀረው አንድ ፊት ነው። አንድ! ለአንድ ፊት ይሄ ሁሉ ዕቃ ያስፈልጋል?»

«መብራቱ ይጠቅማል።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም ይጠቅማል፣ ጥላ ያጠፋል።»

«ስድስተኛው ብሩሽስ?»

«ብሩሽማ...»

«ይጠቅማል» አልን፣ አብረን። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። ልወጣ ስል «አባባ ያዘዙት ማጉያ መነጽር ሐሙስ ይገባል ይበሉልኝ» አለኝ። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

ጥቅምት 24

ማጉያ መነጽሩ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ነው። ከግንባሩ ላይ ትንሽ መብራትም አለው፣ ሦስተኛ መብራት መሆኑ ነው። ሌንሱ ፕላስቲክ። ዳር ዳሩ ሁሉን ነገር ያጎብጣል። እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ ይዞ ቢመጣ በትህትና ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ እጠቁመዋለሁ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ከእኔ አልፈህ ሌንስ ከአሻንጉሊት ሻጭ?»

«አንቺ ጋ ሰው ይበዛል።»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት እኔን ነው።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ተነጫነጭኩ። «ተይው» አለ፣ «ዕቃ አይደለም የጎደለው። የእማዬን ፊት ለመቀባት ልቡ እምቢ ብሎት ነው፣ ሐዘን ነው።» እንደ አዋቂ። ግን እውነቱን ቢሆንስ? ዛሬ አልነዘነዝኩትም።

ኅዳር 1

ነዘነዝኩት። የቀለም መርጫ ከነኮምፕሬሰሩ አምጥቷል። ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤታችን ነርሷ የሌሊት ተረኛ ነበረች፣ በእንቅልፍ ልብሷ መጥታ በሩን ደበደበችው። «ጋሼ፣ ምን እየፈጩ ነው?» ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ። አውቶብሱ ቢጫ ሆነ። መጋረጃውም ቢጫ ሆነ። የእናቴ ፊት? እንዳለ።

ኅዳር 6

በአውቶብሱ ጎን ከፊት እስከ ኋላ ቀይ መስመር ይሄዳል። ጠዋት ጨርሶ ጠራኝ። መሀሉ ላይ ኮረብታ ወጥቷል።

«አባዬ፣ ተጣሟል።»

«የቱ ጋ?»

«መሀሉ። አታየውም?»

«ቀጥ ያለ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስመሬ ወጥቼ አላውቅም፣ አሁን አንቺ መስመር ልታስተምሪኝ ነው?»

ማስመሪያ አምጥቼ ሰጠሁት። ወደ መብራቱ አነሳው፣ አየው፣ ጭራሽ ባሰበት። «ማስመሪያሽ ራሱ ጠማማ ነው! የዛሬ ዕቃ...»

ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት፣ እሱ የምሩን ነበር። ማስመሪያው ብረት ነው። ብረት እንዴት... ቁርሴን ሳልበላ ሥራ ሄድኩ።

ኅዳር 7

ከመነጽር ቤታችን የዓይን መመርመሪያ ካርዷን ይዤ መጣሁ። ካሬ ካሬ መስመር፣ መሀሏ ላይ ነጥብ። ይቺን ካርድ ለስንቱ አሳይቻለሁ... አንድ ዓይኑን አስሸፍኜ «ነጥቧን እይ» አልኩት።

«የቷን?»

«መሀል ላይ ያለችውን።»

«መሀሉ ላይ ምንም የለም። ካርድሽን አይጥ በልቶታል እንዴ?»

ሌላኛው ዓይን። ነጥቧ አለች። መስመሮቹ ግን «ይዋኛሉ» አለ። ካርዷን ወደ ቦርሳዬ መለስኳት። ወጥቼ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩ።

ኅዳር 11

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገር። «የተጎዳው የዓይንዎ መሀል ነው። ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መንገድ አይጠፋብዎትም። ማንበብ፣ ፊት መለየት... እሱ ይከብድዎታል። የሄደው አይመለስም፣ አባባ።»

አባዬ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ቆየ። ከዚያ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጥሩ ማጉያ ቢገኝስ?»

«ጥቂት ይረዳዎታል። የጠፋውን ግን አያመጣውም።»

በታክሲ ተመለስን።

ኅዳር 12

ተናድጃለሁ። በማን? በራሴ ነዋ! የሰፈሩን ሰው ሁሉ «ይሄ ፊደል ይታይዎታል?» እያልኩ እውላለሁ። የገዛ አባቴ እኔን ለማየት አንገቱን ሲያዞር ግን ኩርፊያ ነው አልኩ። የተንጋደዱትን ዓይኖች መሰላቸት አልኩ። ሻዩን ቀልድ አደረግሁት። መብራቱን፣ ማጉያውን... ምን ቀረው? ግንባሬ ላይ ይጻፍልኝ ነበር?

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፣ ጮኼ።

«አንቺ ጋ ብመጣ እውነቱን ትነግሪኝ ነበራ። ሰውዬው ግን ይጠቅማል ነው የሚለው።»



ቆይቶ ደግሞ፣ ሳልጠይቀው፣ «መጀመሪያ እሷን መቀባት ነበረብኝ» አለ። «ላሳምራት ብዬ አቆየኋት።» ተነስቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበ ዕቃ ነበር።

ኅዳር 18

ብሩሿን አስያዘኝ። «አንቺ ቀቢያት።»

«እኔ ስዕል አልችልም።»

«የመነጽር ብሎን የሚያህል ነገር ስታጠብቂ ነው የምትውይው። እጅሽ አይንቀጠቀጥም። እኔ እነግርሻለሁ።»

ነገረኝ! ግንባሯ ሰፊ፣ አገጯ ሹል፣ የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ትንሽ ከፍ... ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያቺን ፕላስቲክ ማጉያ አሰርኳት፣ ራስ ምታት ለቀቀችብኝ። የወጣው የተቀቀለ ድንች ነው።

«መሰለች?»

ልዋሸው እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«አልመሰለችም።»

«እጠቢው እንግዲህ።»

ኅዳር 20

በአልኮል አጥበን እንደገና። አሁን ድንቹ ሰው ሆኗል። እስከ ጥቁር ነጥቧ ድረስ በሰላም ደረስን። እማዬ ጉንጯ ላይ ነጥብ ነበራት፣ ማርያም የሳመቻት። ቀኝ ጉንጯ ላይ ላሳርፍ ስል «በግራ» አለ።

«በቀኝ ነው፣ አባዬ።»

«በግራ!»

ፎቶዋን ከግድግዳ አወረድኩ። ቀኝ። እኔን ጡት ስታጠባ፣ ጸጉሬን ስትሠራ፣ ስታመም ሁሉ ያየሁት ቀኝ ነው። «ግራ» አለ አሁንም፣ ድርቅ ብሎ። ዓይኑ አልበቃ ብሎ ልቡናውም ሊከዳን ነው እንዴ? ብሩሿን ወርውሬ ተነሳሁ። ውዷን ብሩሽ። ጫፏ ተበላሸ።

ኅዳር 21

ጠዋት፣ ሻይ ሳልቀዳለት፣ ራሱ ጀመረ።

«በቀኝ መሆኑን አጣሁት? ስንት ዓመት አብሬያት ኖርኩ። ግን ይሄ አውቶብስ ያኔ ነው። ያኔ የማያት በመስታወት ነበር። ሾፌር ዞሮ ተሳፋሪ አያይም፣ በመስታወቱ ነው የሚያይ። ስድስት ወር ሙሉ ነጥቧ በግራ ነበር። አንድ ቀን ወርጄ ፊት ለፊት ሳገኛት ነጥቡ ወደ ቀኝ ዞሯል! እህቷ መሰለችኝ። ‹እህትሽ ዛሬ ቀረች?› አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹እህት የለኝም› አለች። ሳቋን ማቆም አቅቷት የፊተኛው አውቶብስ አመለጣት። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበር፣ እኔው አደረስኳት።»

ይህን በዚህ ዕድሜዬ ዛሬ መስማቴ ነው። ለምን ነግረውን አያውቁም ነበር? ወይስ እኛ ነን ያልጠየቅን...

ኅዳር 22

«ይጠቅማል» ጋ ሄጄ ሁለት ነገር ገዛሁ። አንድ ያቺን ብሩሽ፣ አንድ ደግሞ ከመስታወት የተሠራ ማጉያ፤ ዳሩን በራሴ መሣሪያ ሞክሬ ነው፣ አያጎብጥም። ለእኔ ነው። «መብራትስ?» አለኝ። «ሦስት አለኝ» አልኩት። ቤት አባዬ ሲዳስሳቸው «ስንት ዕቃ ትገዣለሽ አንቺ ልጅ!» ብሎ ተቆጣ። አፍ አለው ደግሞ!

ኅዳር 29

ዛሬ አለቀች። አራተኛዋ ፊት። በግራ ጉንጯ ነጥብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጌ ተውኩ። አባዬ መስኮቱ ጋ ወሰዳት፣ አንገቱን አዘንብሎ በዓይኑ ዳር አያት። ምን ያህሉ እንደታየው አልጠየቅሁትም። ራሱ ሦስተኛው ወንበር ላይ ለጠፋት፣ በጣቱ ወንበሮቹን ከፊት ቆጥሮ።

ታኅሣሥ 1

ለወንድሜ ፎቶ ላክሁለት። ወዲያው ጻፈ፦ «በጣም ያምራል! ግን ነጥቧ በቀኝ ነበር እኮ። እናትሽን ረሳሻት እንዴ?»

ለአባዬ አነበብኩለት። ከት ብሎ ሳቀ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም።

«ተይው» አለኝ፣ «ያኔ አልተሳፈረ፣ በምን ያውቃል።»