ለሃምሳ ደቂቃ ዝነኛ ስለነበረው ባለቤቴ

ለክቡር ሚስተር ኤመሪ ትሬሜን፣
የሸለቆው ሊግ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ፣ የአንጋፋ ተጫዋቾች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም እንደ ውሳኔዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦርሊን ስቶቨል እባላለሁ። እዚህ ኬንታኪ፣ ካርቨርስ ላንዲንግ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ዴል በሊጋችሁ ሃያ አንድ ዓመት ያዥ ሆኖ ተጫውቷል፤ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ ሲቀበል ኖሯል። ለእርስዎ ይህን ማስረዳቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ደብዳቤው በጋዜጣ ስለሚወጣ ሌላም ሰው ያነበዋል ብዬ ነው።

ምስጋናዎቼ ብዙ ስለሆኑ እንዳይምታቱብኝ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ዲሴምበር፣ ማክሰኞ ጠዋት ስለተደረገልን የስልክ ጥሪ እናመሰግናለን። ደዋይዋ ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ነበረች። «ሚስተር ስቶቨል፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለዝና አዳራሹ ተመርጠዋል!» አለችው። ዴል ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየውና መልሶ፣ «እርግጠኛ ነሽ ልጄ?» ብሎ ጠየቃት። እርግጠኛ ነበረች። በአርባ አራት ዓመት ትዳራችን ባለቤቴ ሲያለቅስ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ አንደኛውን በነጻ ስላሳዩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ከዚያማ ቤታችን ሞላ። ጎረቤታችን ኦትስ ላይል የፔካን ለውዝ ኬክ ተሸክሞ ገባ፤ ሚስቱ ወንበር ከቤቷ ታመጣ ጀመር። ዴል፣ «ክራባቴን አምጪልኝ» አለኝ። «በቤት ውስጥ?» ብለው፣ «ታዲያ በመናፈሻ ልልበሰው?» አለና ሳቀ። ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። በቀኝ እጁ ካሉት ጣቶች አራቱ በተለያየ ዘመን ተሰብረው በየፊናቸው ስለዞሩ ቁልፍ አይታዘዝላቸውም። ልቡም ደክሟል፤ በደረጃው መሐል ቆሞ መስኮት የሚያይ መምሰል ልማዱ ሆኗል። ያን ዕለት ግን ደረጃውን ሳያርፍ ወርዷል።

፪ኛ. ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ስለተደረገልን ሁለተኛ ጥሪም እናመሰግናለን። የተመረጠው በዝርዝሩ ላይ ከዴል ስም በታች ያለው ሚስተር ስቶክዌል ነበር፤ ልጅቷ አንድ መስመር ስታ ነው። ስታለቅስ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ዴል፣ «አይዞሽ፣ እኔም ስንቱን ኳስ ስቻለሁ፤ ደግሞ ያኔ ስምንት ሺህ ሰው እያየኝ ነበር» አላት። ስልኩን ዘጋ። ሳሎን ውስጥ አሥራ አራት ሰው ኬክ ይበላል። እንድነግርለት በዓይኑ ለመነኝ፤ አልቻልኩም። ስለዚህ ራሱ ተነስቶ፣ «ወገኖቼ፣ ዳኛው ሐሳቡን ቀይሯል፤ ከጨዋታ ወጥቻለሁ» አለ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኦትስማ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው የሳቀው። ከዚያ አንድ በአንድ ፊቱን እያዩ ዝም አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ያንን ዝምታ በቁጥር ሊገልጽልኝ የሚችል ባለሙያ ካለዎት ይላኩልኝ።

፫ኛ. ምክንያታችሁን በደብዳቤ ስለገለጻችሁልኝ አመሰግናለሁ። «የመምታት ውጤታቸው ከመስፈርቱ በታች ነው» ይላል። እውነት ነው። ዴል አሥር ጊዜ ለመምታት ቢቆም ሁለቴ ቢመታ ነው። እኔም ከእናንተ ቀድሜ፣ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ሚስት ስለሆንኩ ፍርዴን አላምነውም። ስለዚህ አዳራሻችሁ ውስጥ ሐውልት የተቀረጸለትን ወርዋሪ፣ ራንስ ካልዲኮትን ልጥቀስ። ራንስ ገና በጀማሪነቱ ሕዝብ ሲጮህ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዴል ጨዋታ አስቁሞ ወደ እሱ ይሄድና የሆነ ነገር ይለዋል፤ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ምን እንደሚለው አንድ ቀን ራንስን ብጠይቀው፣ «ማታ ምን እንደምንበላ ነው የሚያወራኝ፤ ኦርሊን፣ እኔ ምን እንደምወረውር በሕይወቴ ወስኜ አላውቅም። የዴልን ጣቶች ምልክት አያለሁ፣ ያሉኝን እልካለሁ» አለኝ። ለዚህ በሰንጠረዣችሁ ውስጥ አምድ እንደሌለ ይገባኛል፤ የማታ እራት ደግሞ ምኑ ይቆጠራል።

፬ኛ. ኮሚቴው በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ በመሰብሰቡ፣ ማለትም በችኮላ ባለመፍረዱ አደንቃለሁ። የዴል ሐኪም ግን የሚያወራን እስከ መጪው ጸደይ ስለመድረስ ነው። ይህን ለእርስዎ የምነግርዎ ምን እንዲያደርጉልኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ ልዩ ስብሰባ የሚባል ነገር የለውም። በርዎን ላንኳኳ አንድ ቀን ሙሉ ነድቼ መጥቼ፣ ዘበኛው በትሕትና ፎርም ሰጥቶኝ ተመልሻለሁ። ፎርሙን ሞልቼዋለሁ።

፭ኛ. በመጨረሻም፣ ባለፈው ወር የዴልን አሮጌ የመያዣ ጓንት ለካልዲኮት የመታሰቢያ መስታወት ሣጥን እንድንሰጥ ስለጠየቃችሁን ክብር ተሰምቶናል። እኔ፣ «ሬሳዬን ተራምደው ይውሰዱት!» ብዬ ነበር። ዴል ግን፣ «ኦርሊን፣ እዚህ እኮ ብል ነው የሚያየው። እዚያ ልጆች ያዩታል» አለኝ። ተጣላን፤ ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ ጠቅልዬ ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔው ነኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜን፣ ለአባላቱም እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቆይ ጤንነትን እየተመኘሁ፣ ከመጻፍ በቀር አቅም የሌለኝ አክባሪዎ፣

ኦርሊን ስቶቨል (ወይዘሮ)

ማሳሰቢያ፦ ከጓንቱ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ የፊደል ስህተት ካለበት እንድናይላችሁ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የካልዲኮት ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የቆዳው ዓይነት ሁሉም ትክክል ነው። በባለቤቴም ስም ላይ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም፤ ምክንያቱም አልተጻፈም።