ነፋስ ያስተማረው ሳክስፎን ነፊ

ውድ ኦድቬግ፣

ትናንት እዚህ ኮፐንሃገን፣ በትምህርት ቤታችን ማርሽ ባንድ ያሳደግነው ቶርጌር፣ ከቶኪዮና ከፓሪስ መልስ ሳክስፎን ሲነፋ ሰማሁት። በዜማዎቹ መካከል ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እኔ መምህር አልነበረኝም፤ ያስተማረኝ የተራሮቻችን ነፋስ ነው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዴንማርኮች ተራራ ስለሌላቸው የተራራ ወሬ የሚሸጥላቸውን ሁሉ ያምናሉ። እኛ አገር ያ ነፋስ ጣሪያ ሲገነጥል እንጂ ሳክስፎን ሲያስተምር አላየሁም። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አንድ በአንድ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ሳክስፎኑንም የገዛንለት አንቺ በየቤቱ እየዞርሽ በሸጥሽው የመጸዳጃ ቤት ሶፍት ገንዘብ ነው።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ «ቶርጌር፣ ልጆች ስላነሱ ባንዱ ሊዘጋ ነው። ለግንቦቱ የብሔራዊ በዓል ሰልፍ መጥተህ አብረሃቸው ብትነፋ ብዙ ልጅ ይመዘገባል» አልኩት።

«ውይ መምህር! እኔና ማርሽ እኮ ከተለያየን ቆየን!»

«ግድ የለም፣ ነፋሱን እንለምነዋለን» ብዬው ወጣሁ።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሶፍቱን እንደገና እንሽጥ፤ ሸክሙን ለኔ ተዪው። የፖስት ካርዱ ቦታ ሞላብኝ። ባልሽን ስቱርላን ሰላም በይልኝ። ለልጆቹም ሰኞ ልምምድ እንዳለ ንገሪያቸው፤ እነሱ መምህር አላቸው።

አስላክ