የአማችህ ራዲዮና የታችኛዋ ቴሌቪዥን

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ያልከውስ ተሻለህ? ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እኔ ከወገቤና ከምላሴ በቀር ሕመም የለብኝም።

የላክሃት የራዲዮ ሞገድ ማጣሪያ ደረሰችን። አማችህ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከሰው የሚጫወተው የሩቅ አገር ሰው በሚያነጋግርበት በዚያ ራዲዮው ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። እሱ ማውራት ሲጀምር ግን ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ቴሌቪዥኗ ይዥጎረጎርባታል። «ባልሽ ደግሞ ፊልሜ ውስጥ ገባ!» እያለች ከደረጃው ሥር ትጮህብኛለች። በመጨረሻ አከራያችን እስከ እሑድ አንቴናውን አውርዱ አለችን። እሱም እህል እምቢ አለ።

ማጣሪያዋን እኔ ገበያ ሄጄ ሳለ በዳበሳ ገጠማት። አንተ ከራዲዮውና ከማስማሚያው ሳጥን መካከል ትግባ ብለሃል፤ እሱ «ማጣራት መጨረሻ ላይ ነው» ብሎ ከማስማሚያው ወዲያ፣ አንቴናው ጋ ሰካት። ቴሌቪዥኑ እንደ ተዥጎረጎረ ቀረ፤ ማጣሪያዋም እንደ ካውያ ጋለች። «አንተ ሰው፣ ዱቄት የሚነፋው ከተቦካ በኋላ ነው?» ብለው፣ «ደግሞ ራዲዮ አወቅሽ?» አለኝ። «ራዲዮ አላውቅም፤ ግትር ሰው ግን አውቃለሁ» ብዬ ሽቦውን ነቀልኩት።

አባታችን አንተን ትምህርት ቤት ሰዶ እኔን ውሃ ማስቀዳቱን አልረሳሁም፤ አልረሳምም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። አንተ ግን ይህን አስበህ በማጣሪያዋ በአንዱ ጎን «ራዲዮ»፣ በሌላው «ማስማሚያ» ብለህ በትልልቁ ጻፍክልኝ። አንብቤ ሰካሁ። ማስማሚያው ራዲዮውንና አንቴናውን ያስታርቃል እንጂ ራዲዮው የሚፈለፍላቸውን፣ ቴሌቪዥን የሚያውኩትን ግልገል ሞገዶች ጠርጎ አያስቀርም ያልከኝም ያኔ ገባኝ።

እሑድ ልብስ ሰፊዋ ቤት ወርጄ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ላይ አማችህ ያወራል፤ ሥዕሉ ንቅንቅ አላለም። «ዛሬ ዝም አለ እንዴ?» አለችኝ። «እሱና ዝምታ መቼ ተዋውቀው!» አልኳት። አከራያችንም አይታ አንቴናው ይቆይ አለች። አማችህም ማታውን እራቱን በላ።

ለሚስትህ፣ ለልጆችህ በየስማቸው፣ ለአማትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አማችህ እጅ ነስቷል። አሁን ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ዝናብ ይከራከራል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በል ስለው የኖርኩት እኔ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እየሰማሁት ነው። እጅህ ይባረክ።

እኅትህ
ከላይኛው ፎቅ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን